ማንም ያላዘዘው ሥራ፦ የስሎት ካር ሻንሲና የመሥራት ዋጋ

ስሎት ካር በትራክ ላይ በተቀደደ ቀጭን ቦይ እየተመራ በኤሌክትሪክ የሚሮጥ ትንሽ የውድድር መኪና ነው። ከአፍንጫው ሥር ያለው ምላስ ቦዩ ውስጥ ይገባል፤ በምላሱ ግራና ቀኝ ያሉት የመዳብ ጉንጉኖች ከቦዩ ዳርና ዳር ከተዘረጋው ብረት አብዛኛውን ጊዜ 12 ቮልት ተቀብለው ለሞተሩ ያደርሳሉ። እንግሊዛዊው ፍሬድ ፍራንሲስ እ.ኤ.አ. በ1957 ስኬሌክስትሪክ የተባለውን የስሎት ካር መጫወቻ ካስተዋወቀ ወዲህ ጨዋታው በብዙ አገሮች ተስፋፍቷል። የተዘጋጀ መኪና ከሱቅ ማግኘት ቀላል ሆኖ ሳለ፣ አንዳንዶች ሻንሲውን ከናስ ዝርግና ከፒያኖ ሽቦ ቆርጠው፣ አጥፈውና በይደው ራሳቸው ይሠራሉ። ከዚህ ልማድ አንድ የቆየ ጥያቄ ይነሣል፦ ማንም ያላዘዘው፣ ማንም የማይከፍልበት ሥራ ዋጋው ከምን ይመጣል?

አርስቶትል በ«ኒኮማካዊ ሥነ ምግባር» ስድስተኛ መጽሐፍ መሥራትን ከማድረግ ይለያል። የመሥራት ግብ ከሥራው ውጭ ያለ ውጤት ነው፤ የማድረግ ግብ ግን በመልካም ማድረጉ ራሱ ነው። በዚህ መለያ የሻንሲ ሥራ ከመሥራት ወገን ይመደባል። ውጤቱ ግን የሚያገለግለው ለጨዋታ ነው፤ በአሥረኛው መጽሐፍ ደግሞ ፈላስፋው ጨዋታ ለዕረፍት፣ ዕረፍትም ለቁም ነገር መዘጋጃ እንደሆነ፣ ለመዝናናት ሲሉ ዕድሜ ልክ መድከም ቂልነት እንደሆነ ይከራከራል። ክርክሩ ከጸና ሻንሲ ሠሪው ሁለት ጊዜ ይረታል፦ አያርፍም፣ ቁም ነገርም አይሠራም።

ሥራው ዕረፍት አለመሆኑ እውነት ነው። መጀመሪያ የሚወሰነው የሞተሩ አቀማመጥ ነው፤ በመኪናው ርዝመት፣ ከኋላ ጎማዎች ዘንግ ጋር ትይዩ ወይም ሰያፍ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ክፍሎቹ በጠፍጣፋ ገበታ ላይ ተይዘው ይበየዳሉ። ዘንጉን ከያዙት ኩሽኔታዎች አንዱ በትንሹ ቢዘም ዘንጉ ይከብዳል፣ የማርሹ ጥርሶችም ያለ ጊዜያቸው ይበላሉ። ናሱና ሽቦው ተፍቀው፣ አሲድ ተቀብተው ራሳቸው መጋል አለባቸው፤ የቀለጠው የመበየጃ ሊድ ባልጋለ ብረት ላይ ካረፈ የያዘ ይመስላል እንጂ በመጀመሪያው ግጭት ይላቀቃል። የተረፈው አሲድ ካልታጠበ ደግሞ ሽቦው ይዝጋል። ከሁሉ የሚከብደው ግን ልኩን ማግኘት ነው። ሻንሲው እጅግ ግትር ከሆነ መኪናው ኩርባ ላይ ሳይታሰብ ከቦዩ ይወጣል፤ እጅግ ልል ከሆነ እየዋለለ አልታዘዝ ይላል። ዝቅ ብሎ የተለጠፈ እርሳስ ያረጋጋዋል፤ አነሳሱን ግን ያዘገየዋል።

እንዲህ ያለውን ድካም በገዛ ፈቃድ መሸከም ለምን ያስፈልጋል? ፈላስፋው በርናርድ ሱትስ እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመው «ዘ ግራስሆፐር» ጨዋታን የሚገልጸው አስፈላጊ ያልሆኑ መሰናክሎችን በፈቃድ ለመሻገር እንደሚደረግ ጥረት ነው። መኪናውን አንስቶ መጨረሻው መስመር ላይ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ውድድር ግን አይሆንም። ሻንሲ ሠሪው በዚህ ላይ ሁለተኛ መሰናክል ይጨምራል፤ ሊገዛው የሚችለውን ይሠራል። መሰናክሉ ቢነሣ ሙቀትን የመገመትና ልክን የማግኘት ችሎታውም የሚገለጥበት ቦታ ያጣል።

በፈቃድ የተጀመረ ነገር ሁሉ ግን እንደ ፈቃድ አይቀጥልም። ካንት እ.ኤ.አ. በ1790 በወጣው «የፍርድ ኃይል ሂስ» ነጻ ጥበብን ከእጅ ሙያ ሲለይ፣ የመጀመሪያው እንደ ጨዋታ በራሱ ደስ እንደሚያሰኝ፣ ሁለተኛው ግን በክፍያው ብቻ እንደሚስብ ይጽፋል። ሻንሲ መሥራት ከሁለቱም ይካፈላል፤ ካውያውና ሞረዱ የባለእጅ ናቸው፣ ክፍያ ግን የለም። ካንት ራሱ በነጻ ጥበብም ውስጥ አስገዳጅ ነገር መኖር እንዳለበት፣ ያለዚያ መንፈሱ አካል እንደማያገኝ ያሳስባል። እዚህ አስገዳጁ ብረቱ ነው። ሠሪው ለመጀመር ነጻ ነው፤ ብየዳው መቼ እንደሚይዝ ግን የሚወስነው እሱ አይደለም። የዙሩ ሰዓትም ለድካሙ አያደላም። ሥራውን ከምኞት የሚለየው ይህ ተጠያቂነት ነው።

ለአርስቶትል ክርክር የሚሰጠው መልስም ከዚህ ይገኛል። ሠሪው የሚፈልገው ውጤቱን ብቻ ቢሆን ኖሮ የተሻለ ሻንሲ ይገዛ ነበር። በደንብ መሥራቱ ራሱ የግቡ ክፍል ስለሆነ፣ መሥራት እዚህ ወደ ማድረግ ይጠጋል፤ ቁም ነገርነቱም ከውጤቱ ጥቅም ሳይሆን ሠሪው ለእውነታ ከመገዛቱ ይመነጫል። መልሱ ግን ወሰን አለው። አንድ ነገር ለራሱ ሲባል መፈለጉ ከሌላው መልካም ነገር ሁሉ ያስቀድመዋል ማለት አይደለም፤ ለቤተሰብ ወይም ለሌላ ግዴታ የሚገባውን ጊዜና ገንዘብ የወሰደ ሻንሲ፣ ምንም ያህል በጥበብ ቢበየድ፣ የአርስቶትልን ወቀሳ መልሶ ይጠራል።