ስለ ሥራ ጠረጴዛ ቁመትና ለራስ ስለሚገባ ርኅራኄ

ሰው በሌላ ሰው ቤት ተቀጥሮ ሲሠራ ጌታውና ሎሌው ሁለት ናቸው፤ በደል ቢደርስ በዳዩና ተበዳዩ ይታወቃሉ። በገዛ ቤቱ ለገዛ ራሱ የሚሠራ ሰው ግን ጌታውም ሎሌውም ራሱ ስለ ሆነ፥ በደል ሲደርስ ከሳሽ አይገኝም። እኔ እንደ ታዘብሁት ከሆነ ደግሞ፥ ከዚህ ጌታ የባሰ ጨካኝ ጌታ ተፈልጎ አይገኝም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤንነት እንዲጠብቅ ያስገድዳል። ዳሩ ግን አዋጁ የሚገዛው በአሠሪና በሠራተኛ መካከል ያለውን ነገር ነው እንጂ፥ ሰው በገዛ ጀርባው ላይ የሚሠራውን ግፍ አይደለም። ይህ ለኅሊና ዳኝነት የተተወ ነው።

ይህን እንዳስብ ያደረገኝ በኮልፌ ቀራንዮ ከቤቴ ሳይርቅ የሚኖር፥ ድሮ ያስተማርሁት አንድ ሰው ነው። አባቱ ብር እያቀለጡ መስቀልና ጉትቻ የሚሠሩ አንጥረኛ ነበሩ። ልጁ ግን ከብር ይልቅ ጠርሙስ ይወዳል። የቢራ ጠርሙስ ስባሪ ሰብስቦ፥ አጥቦ፥ በጋዝ ነበልባል እያለሰለሰ በቀጭን ሽቦ ላይ ይጠመጥመውና ዶቃ ያደርገዋል። ሽቦውን አስቀድሞ በቀጭን የሸክላ ጭቃ ይለቀልቀዋል፤ አለዚያ ዶቃው ከሽቦው አይላቀቅም። ሲጨርስም በትኩስ አመድ ውስጥ ቀብሮ ቀስ እያለ እንዲበርድ ይተወዋል፤ በድንገት የቀዘቀዘ ጠርሙስ ውጩ ቀድሞ ሲኮማተር ውስጡ ስለሚዘገይ ይሰነጠቃልና። ለአያቶቻችን ጨሌ እየተባለ ይሸጥላቸው የነበረው ዶቃ ከቬኒስ ሳይቀር ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነበር። የቬኒስ ሹማምንት እ.ኤ.አ. በ1291 ከተማቸው እንዳትቃጠል ፈርተው የመስታወት ምድጃውን ሁሉ ወደ ሙራኖ ደሴት አስወጥተውታል። የእኔ ተማሪ ግን ደሴት ስለሌለው የሚሠራው ከመኝታ ቤቱ በአንድ ግድግዳ በተለየች ክፍል ነው።

አንድ ቀን ሊጠይቀኝ መጥቶ ቡና ስንጠጣ አንገቱን ማዞር እንዳቃተው አየሁ። በማግሥቱ ሥራውን ላይ ብዬ ሄድሁ። የሚሠራበት ጠረጴዛ የአባቱ ነው፤ ቁመቱ 52 ሳንቲ ሜትር ነው። አባቱ ዱካ ላይ ተቀምጠው ስለ ነበር የሚሠሩት ለሳቸው ልክ ነበረ። እሱ ግን በተራ ወንበር ተቀምጦ እንደ ማጭድ ይጎብጥበታል። ፊቱ ወደ ነበልባሉ እጅግ ከመቅረቡ የተነሣ አገጩ ላይ የፈነጠቀ ጠርሙስ የተወው ጠባሳ ይታያል።

«ለምን ከፍ አታደርገውም?» አልሁት።

«የአባቴ እኮ ነው ጋሼ። እሳቸው በዚህ ላይ ሠርተው ነው ያሳደጉን። እኔ ተነሥቼ እግሩን ብቀጥልበት ‹ተመቸው› አይሉኝም? ሕመሙን እንደሆነ ለምጄዋለሁ።»

ሦስት ነገር በአንድ ትንፋሽ ተናገረ፤ አንዱ የአባት ክብር፥ ሁለተኛው ምቾትን ማፈር፥ ሦስተኛው ሕመምን መልመድ ነው። እኔም ለጊዜው መልስ አጥቼ ወደ ቤቴ ተመለስሁ።

ከሦስቱ ይበልጥ ያስጨነቀኝ የመጨረሻው ነው። በዚሁ በክፍለ ከተማችን ውስጥ ያለው አለርት እ.ኤ.አ. በ1965 የሥጋ ደዌ ሕሙማን እንዲታከሙበትና ባለሙያዎች እንዲሠለጥኑበት የተቋቋመ ሆስፒታል ነው። እዚያ ከሚነገረው ትምህርት አንዱ፥ በሽታው ጣትን እንደ ምስጥ የሚበላ አለመሆኑ ነው። በሽታው ነርቭን ያደነዝዛል፤ የደነዘዘ እጅ የጋለ ድስት ሲይዝ አያውቅም፥ ሲቆረጥም አይሰማውም፤ ጣቶቹም በአብዛኛው የሚጠፉት በዚህ ባልታወቀ ቁስል ነው። እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ፖል ብራንድ ዕድሜውን ሙሉ ያስተማረው፥ ሕመም ጠላት ሳይሆን ዘበኛ መሆኑን ነው። እንግዲህ እነዚያ ሰዎች ዘበኛቸው በደዌ ተነጥቆባቸው ዐይናቸውን ዘበኛ አድርገው እጃቸውን በየቀኑ ሲመረምሩ፥ ዘበኛው ያለው ሰው «ለምጄዋለሁ» ብሎ በፈቃዱ ሲያሰናብተው ምን ይባላል? ትዕግሥት ነው ሊባል አይችልም። ታጋሽ የሚባል ሰው የማይቀር መከራን የሚሸከም ነው እንጂ፥ በአንድ ብረት በያጅ የግማሽ ቀን ሥራ የሚቀርን መከራ የሚያስታምም አይደለም።

ምቾትን ስለ ማፈር የሆነው ሆኖ፥ ነገሩ ሥር አለው። በአገራችን በእጁ የሚሠራ ሰው ለብዙ ዘመን ሲሰደብ ኖሯል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ በአዋጅ ከልክለው ነበር፤ ነገር ግን አዋጅ ምላስን ቢያስር ልብን ቶሎ አያጥብም። «ቀጥቃጭ» ሲባል ያደገ ልጅ ለገላው ዋጋ ለመስጠት ቢያፍር አይደንቅም። ቢሆንም የባለ እጆቻችን ጥበብ ራሱ ከዚህ የተሻለ ነገር ያስተምራል። ሸማኔውን ተመልከቱት፤ ሥራውን ወደ ላይ ማንሣት ባይሆንለት ጕድጓድ ቆፍሮ እግሩን ከቶ፥ ሸማው ከጭኑ በላይ በክንዱ ልክ እንዲዘረጋ አደረገ። ይህ የድሎት ሥራ ነው የሚል ሸማኔ አላጋጠመኝም።

የተማርሁት በሚስዮን ትምህርት ቤት ስለ ሆነ የጎረቤቶቼን ሥርዓት ከውጭ ሆኜ ነው የማየው፤ ይሁን እንጂ መቋሚያ ሁልጊዜ ያስገርመኛል። ጾምንና ስግደትን እንደ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የሚያከብር የለም። ሆኖም ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ለሚያገለግለው ካህንና ደብተራ ይህችው ቤተ ክርስቲያን ብብቱን የሚያሳርፍበት ዘንግ ሰጠችው። በዘንጉ ስለ ተደገፈም ጸሎቱ ጎደለ ያለ የለም፤ ይልቁንም መቋሚያው ባይኖር የሚጎድለው ማኅሌቱ ነበር። ጣሊያናዊው ሐኪም ቤርናርዲኖ ራማዚኒ እ.ኤ.አ. በ1700 ስለ ሠራተኞች ደዌ ባሳተመው መጽሐፍ፥ ተቀምጠው የሚሠሩ ባለ እጆች እንዴት እንደሚጎብጡ ከሦስት መቶ ዓመት በፊት አመልክቷል።

የአባት ክብር ግን በንቀት የሚታለፍ ነገር አይደለምና በሁለተኛው ጊዜ ስሄድ የተነጋገርነው በዚሁ ነው።

«አባትህ ዝቅ ብለው የሠሩት በምን እሳት ነው?» አልሁት።

«በከሰል ነዋ፤ በወናፍ።»

«የከሰል ጢስና ግለት ወዴት ይሄዳል?»

«ወደ ላይ።»

«ያንተ ጋዝ ቢያፈስስ?»

ዝም አለ። የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ሲያፈስ ወለሉ ላይ ይተኛል። ስለዚህ ለከሰል ልክ የነበረው ቁመት ለዚህ እሳት አደጋ ነው። ደግሞም ቀልጦ የላላ ጠርሙስ ከሽቦው ቢወድቅ፥ በወንበር የተቀመጠ ሰው ወደ ኋላ ገፍቶ ይነሣል፤ እንደ አባቱ ዱካ ላይ ጉልበቱን አጥፎ የተቀመጠ ግን ጭኑ ላይ ይቀበለዋል። አባቱ ጠረጴዛውን ለገዛ እሳታቸውና ለገዛ ቁመታቸው አስበው ሠሩት፤ ልጁ ሊወርስ የሚገባው ማሰባቸውን ይሁን ወይስ 52 ሳንቲ ሜትሩን? እኔ ማሰባቸውን ነው አልሁ። እሱ ወዲያው አልተቀበለኝም፤ ሳንቃው ግን ሳይነካ እግሩ ብቻ ቢቀጠል ምን ይመስልሃል ስለው ጠረጴዛውን በእጁ እየዳበሰ ቆየ።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ አንድ ነገር መናገር ግድ ሆነብኝ። ይህ ሰው በልጅነቱ ከክፍሉ ልጆች ሁሉ ረጅም ነበር። ዴስኩ ግን ለሁሉም አንድ ልክ ስለ ነበረ ጉልበቱ ከሥሩ አይገባለትም፤ ወደ ጎን ተጣሞ፥ ጎብጦ ይጽፍ ነበር። እኔም «ቀጥ በል!» እያልሁ ትከሻውን በማስመሪያ እመታው ነበር። ማሪያ ሞንቴሶሪ እ.ኤ.አ. በ1907 በሮም ለድኾች ልጆች በከፈተችው ቤት ወንበሩንና ጠረጴዛውን በሕፃናቱ ልክ እንዳሠራች በመምህራን ማሠልጠኛ ተምሬያለሁ፤ በፈተናም ጽፌ ጥሩ ነጥብ አግኝቼበታለሁ። ያን ልጅ ስመታው ግን ይህ ትምህርት አንድ ቀን ትዝ አላለኝም። መጎበጡ የዴስኩ ጥፋት ሆኖ ሳለ የጠባዩ ጥፋት አደረግሁበት። እሱም ያን ተቀብሎ አደገ መሰለኝ፤ ዕቃ ሳይስማማው ሲቀር ጥፋቱን በዕቃው ሳይሆን በገላው ላይ ይፈልጋል። ይህን ነግሬ ይቅርታ ስጠይቀው ሳቀና «እኔ እኮ የማስታውሰው ስለ ሂሳቡ የመታኸኝን ነው» አለ። ያም አላጽናናኝም።

በሦስተኛው ጊዜ የልብስ ሰፊ ሜትር ይዘን ለካን። አለካኩ ቀላል ነው። በሚሠራበት ወንበር ጀርባውን አቅንቶ፥ እግሩን ወለል ላይ አሳርፎ ይቀመጣል፤ ላይኛው ክንዱ በጎኑ ዘና ብሎ ይወርዳል፥ ክርኑ ይታጠፋል፤ ከወለሉ እስከ ክርኑ ይለካል። የሱ 74 ሆነ። ጠርሙስ የሚያቀልጥ ሰው ሁለቱን ክንዶቹን ሳንቃው ላይ ደግፎ ሽቦውን ሳያቋርጥ ማሽከርከር ስላለበት ከክርኑ ጥቂት ከፍ ቢል ይሻላል ብለን 76 አደረግነው። ብዙ ከፍ ቢል ትከሻ ይሰቀላል፤ ዝቅ ቢል ደግሞ አንገት ይደፋል፥ ፊትም እሳቱን ይከተላል። የነበልባሉ አፍ ከሳንቃው አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ፥ ከሰውየው ወደ ውጭ ዞሮ ተተከለ። ብረት በያጁ 24 ሳንቲ ሜትር የብረት እግር ቀጠለ፤ ሳንቃውም እንዳይቃጠል ቆርቆሮ ለበሰ። የአባቱ የመዶሻ ምልክት ያለበት ጠርዝ ሳይሸፈን እንዲቀር እሱው አዘዘ።

ሁሉም አለቀ ስንል ባለቤቱ ከጓዳ ወጣች። ከሰዓት በኋላ የምትሠራው እሷ ናት፤ ይህንንም ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ዕለት ሰማሁ። «ለሱ ተለካ፤ ለኔስ?» አለች። የሷ ክርን 66 ነበር። ጠረጴዛ ለሁለት ሰው ሁለት ቁመት ሊኖረው አይችልም፤ ስለዚህ ለሷ ወንበሩ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ እንዲል፥ እግሯም እንዳይንጠለጠል በዚያው ልክ ከፍታ ያለው የእግር ማሳረፊያ እንዲሠራ ተስማማን። ሳንቃ ፍለጋ ቤቴ ሄጄ ያመጣሁት ለዚሁ ነው።

አሁን ባልና ሚስት የሚከራከሩት ሌላ ነገር ላይ ነው። ነፋስ ነበልባሉን ያወዛውዛል እያለ እሱ መስኮቱን ይዘጋል፤ እሷ ትከፍታለች። እኔ ይከፈት ባይ ነኝ።