ስለ ሕፃናት ትምህርት ቤት ምስክርና ስለ ዋጋው

በቀድሞው ሥርዓት ሕፃን ፊደል የሚቈጥረው በደብሩ ዐጸድ፣ ከዛፍ ጥላ ሥር ነበር። የፊደሉ የኔታ የፈቃድ ወረቀት የሚባል አልያዘም፤ ምስክሩ የሚያውቀው ሰበካ ነበረ። ወደ ከፍተኛው ትምህርት ሲወጣ ግን ምስክር ግድ ይሆናል፤ የድጓ መምህር ለመባል የሚሻ ወደ ጋይንት ቤተ ልሔም፣ ዝማሬና መዋሥዕት የተማረም ወደ ዙር አምባ መሄድ ነበረበት። ወጪው ረኃብና መንገድ፣ ቁራሽ ልመናና የውሻ ንክሻ ነው። ይህን ሁሉ የሚከፍለው ግን መምህር ሊሆን የሚሻው ራሱ ነበር እንጂ ነገ ከእግሩ ሥር የሚቀመጠው ልጅ አልነበረም።

ዛሬ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ያለው ነገር ከዚህ ይለያል። እነዚህ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃልለዋል፤ ከነዋሪዎቻቸውም ብዙዎቹ የአዲስ አበባ የቤት ኪራይ የከበዳቸው ናቸው። አባትና እናት ገና ሳይነጋ ለሥራ ይወጣሉ፤ የአራት ዓመት ልጅ ግን የሚውልበት ያስፈልገዋል። የ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ መዋዕለ ሕፃናትን ግዴታ ስላላደረገው፣ ሥራው በአብዛኛው ለግል ባለ ሀብትና ለእምነት ተቋማት ቀርቶ ኖረ። በ2002 ዓ.ም. ሀገር አቀፍ ማዕቀፍ ወጣ፤ ከዚያም በኋላ ዜሮ ክፍል የተባለው በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተከፈተ። ቦታው ግን ለሁሉ አልበቃም፤ ስለዚህ በየመንደሩ በኪራይ ቤት ትንንሽ መዋዕለ ሕፃናት ተነሡ።

ለእነዚህ ቤቶች የዕውቅና ፈቃድ ይጠየቃል፤ በየጊዜውም ይታደሳል። የሠለጠነች መምህርት፣ ሰፊ ክፍል፣ መጫወቻ ሜዳ፣ ንጹሕ ውሃ፣ ለሕፃን የሚመች መጸዳጃ ይፈለጋል። ማንም ቅን ሰው ይህን ከመጠን ያለፈ ነው አይልም። ሕፃን ክፍሉ ሲታፈን ለዳኛ አይከስስም፤ ስለ እርሱ የሚናገር ሌላ ሰው ሊኖር ግድ ነው። «ከምንም ይሻላል» የሚለውም ቃል አፉ የሚጣፍጠው የሌላ ሰው ልጅ ሲሆን ነው።

ነገር ግን ሁለት ወጪ ተቀላቅሏል፤ መለየትም ይገባል። አንደኛው መልካም የመሆን ዋጋ ነው፤ መጸዳጃውና መምህርትዋ። ሁለተኛው መልካም መሆንን የማስመስከር ዋጋ ነው፤ የማመልከቻው ምልልስ፣ የሚባክነው የሥራ ቀን፣ ግድግዳ ማፍረስ የማይፈቅድ የቤት ባለቤት ሲገኝ ሌላ ቤት መፈለግ። የፊተኛው ሊቀነስ አይችልም። የኋለኛው ግን በትንሹ ቤት ላይ እንደ ትልቁ ሲጫን፣ ትልቁ ከሺህ ተማሪ ሰብስቦ ይከፍለዋል፤ ትንሹ በሠላሳ ሕፃናት እናቶች ላይ ያካፍለዋል። እንግዲህ ለምስክርነቱ አብዝታ የምትከፍለው ከሁሉ ያነሰ ያላት ናት። ይህ ፍርድ አይደለም።

ሌላም አለ። መንግሥት ትምህርት ቤቶችን እየመረመረ ከ1 እስከ 4 ደረጃ ይሰጣል። የራሱ ትምህርት ቤት ሲጐድል ደረጃው ይነገረዋል፤ እንዲሻሻልም ይታገሡታል፤ በሩ ብዙ ጊዜ አይዘጋም። ለመንደሩ ቤት ያው ትዕግሥት ለምን ይነፈጋል? መርማሪው ጕድለቱን ጽፎ፣ ለሕይወት የሚያሰጋውን ዛሬውኑ አስቁሞ፣ ለቀረው ቀን ቢቈርጥለት ሕጉ አይዋረድም። የማስመስከሩንም ወጪ መስካሪው ራሱ ቢሸከም ያምርበታል፤ የልጁ መማር ለሀገር ነው ከተባለ ሀገር ከዋጋው ትካፈል።

የታሸገ ቤት ሕፃናት በማግሥቱ ወዴት እንደሚሄዱ የሚጽፍ መዝገብ ብዙ ጊዜ አይገኝም። አንዱ ከሰባት ዓመት እኅቱ ጋር በቤት ይቈለፍበታል፤ አንዱ ፈቃድ ጠይቆ ወደማያውቅ፣ ስለዚህም መርማሪ ወደማይደርስበት ጓዳ ይገባል። እናቱም ያንኑ ጧት በአሥራ ሁለት ሰዓት ታክሲ ትጠብቃለች።