የትንሹ ባቡር እውነት
ፕላቶ በ«ሪፐብሊክ» አሥረኛ መጽሐፉ፣ ሠዓሊ የነገሩን መልክ እንጂ ነገሩን ስለማይሠራ ሥራው ከእውነት በሦስተኛ እርከን ላይ ይገኛል ይላል። የባቡር ሐዲድ በማያልፍባቸው በወልቂጤ ወይም በቡታጅራ፣ በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የደረሰውን የጅቡቲ ባቡር በ87 እጥፍ አሳንሶ ለመሥራት የሚነሣ ሰው ግን፣ ዓይኑ ያልለመደውን ነገር ከመልኩ ይልቅ ከአሠራሩ መረዳት ይኖርበታል፤ ርዝመት በ87 ሲካፈል ክብደት በቁጥሩ ኩብ (ቁጥሩ ሦስት ጊዜ ተጽፎ ሲባዛ በሚገኘው 658,503) ስለሚካፈል፣ የቀለለው ሎኮሞቲቭ፣ ማለትም ፉርጎ ጎታቹ የባቡር ራስ፣ ዳገት ላይ መንኮራኩሩ በከንቱ ሊሽከረከር ይችላል። ስለዚህ ሠሪው በዋናው ውስጥ የሌለ እርሳስ ይጨምርበታል፤ ትንሹ ባቡር በሥራው ዋናውን እንዲመስል በውስጡ ከዋናው መለየት ግድ ይሆንበታል። ፕላቶም (ይህ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል) አልጋ የሚሠራውን አናጺ ከሠዓሊው አንድ እርከን ከፍ አድርጎታል፤ ሞዴል ሠሪው፣ ባቡሩ መንገደኛ ባይጭንም፣ ከአናጺው ወገን ቢቆጠር ይገባዋል።