ሸክላና አደራ

ሰው የሚወደውን ነገር ለማከማቸት ይመኛል። ይሁን እንጂ መውደድና ማከማቸት አንድ ናቸውን? ገንዘብ የሚያከማች ንፉግ ይባላል፤ መጽሐፍ የሚያከማች የእውቀት ወዳጅ ይባላል፤ ድምፅ የሚያከማች ሰው ግን ምን ሊባል እንደሚገባው ሲመረመር አይታይም። እኛ ከልጅነታችን ጀምሮ የዘፈን ሸክላ መስማትንና መሰብሰብን ስለምንወድ፥ ይህ ለእኛ የጨዋታ ሳይሆን የኅሊና ጥያቄ ነው።

ሸክላ የሚለው ስም ለነገሩ የተስማማ ነው። የቀድሞዎቹ ሸክላዎች ሼላክ ከሚባል፥ ከነፍሳት ከሚገኝ ሙጫ የተሠሩ ስለ ነበሩ ከእጅ ሲወድቁ እንደ እንስራ ይሰበሩ ነበር። በደቂቃ 78 ጊዜ ያህል እየዞሩ በአንድ ገጽ ሦስት ደቂቃ ግድም ብቻ ያሰሙ ነበር። ከእነርሱ በኋላ የመጡት የቪኒል ሸክላዎች እንደዚያ በቀላሉ አይሰበሩም፤ ነገር ግን መርፌው ድምፁን የሚያወጣው በሸክላው ቦይ ውስጥ እየታሸ ሲሄድ ነውና፥ በተሰሙ ቍጥር በጥቂቱ ይፋቃሉ። ስለዚህ የሸክላ ወዳጅ በሁለት ነገር መካከል ይጨነቃል፤ ቢሰማው ያልቅበታል፥ ቢቈጥበው ደግሞ የዘፈን ሣጥን ይዞ በዝምታ ይኖራል።

በእኛ አገር፥ ከመካነ ሰላም እስከ ዐባይ በረሃ አፋፍ ባለው ደጋ፥ ዘፈን እንዲህ ያለ ጭንቀት የለበትም። አዝማሪው መሰንቆውን ይዞ በሠርግ ቤት ሲቆም፥ ከተቀመጡት አንዱ «ተቀበል» ብሎ ግጥም ይሰጠዋል፤ እርሱም ተቀብሎ ያዜመዋል። ግጥሙ ለዚያ ቀንና ለዚያ ሰው የተነገረ ነው። ዘፈኑም በመዘፈኑ አያልቅም፤ እንዲያውም ሰሚው ይዞት ወደ ሌላ መንደር ይሄዳል። ከዚህ የተነሣ ሸክላ ዘፈንን አሰረው እንጂ አላኖረውም የሚሉ አሉ። የአንድ ቀን ዜማ ለዘወትር ሲቀረጽ፥ አዝማሪው በማግሥቱ ሊያሻሽለው ይችል የነበረው ሁሉ በዚያው ይቀራል፤ ሰሚውም ግጥም መስጠቱን ትቶ ዝም ብሎ አድማጭ ይሆናል።

ይህ ነቀፌታ እውነትነት አለው፤ ነገር ግን ሙሉ አይደለም። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር (ከዚህም በታች ያሉት ዘመናት እንዲሁ ናቸው) ከ1908 እስከ 1910 ባለው ጊዜ በጀርመን አገር፥ በበርሊን ከተማ ድምፃቸውን በሸክላ አስቀረጹ። ከኢትዮጵያ ዘፈን በሸክላ ከተቀረጸው የመጀመሪያው እርሱ ነው ይባላል። በዚያ ዘመን ፊት ለፊት ቀርበው የሰሟቸው ዛሬ በሕይወት የሉም። ግጥማቸውን ሰው በቃሉ ሊይዘው፥ በመጽሐፍም ሊያነበው ይችላል፤ የትንፋሻቸውን አወጣጥና የአንደበታቸውን ለዛ ግን ከሸክላው በቀር የሚነግረን የለም። ግጥም ከአፍ ወደ አፍ ይወረሳል፤ ድምፅ ግን ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል።

ድምፅን ከመቃብር ማስቀረትም ደፋር ሰው ይጠይቃል። በ1948 በወጣ ትእዛዝ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። አቶ አምሃ እሸቴ ግን በ1969 ይህን ክልከላ ተላልፈው የዓለማየሁ እሸቴን ድምፅ አስቀረጹ፤ ሸክላውንም በሕንድ አገር አሳተሙ። እስከ 1975 ድረስ ከ100 የሚበልጡ ትንንሽና 12 ትልልቅ ሸክላዎች አውጥተዋል። እኛ የመንግሥት ሠራተኞች እንደ መሆናችን ሕግ መተላለፍን በቀላሉ አናመሰግንም፤ ሆኖም መብት መያዝ አንድ ነገር፥ ድምፅን ለትውልድ ማድረስ ሌላ ነገር መሆኑን ይህ ታሪክ ያስረዳል። እርሳቸው በ1975 ከአገር ወጡ፤ ካሴትም የሸክላን ቦታ ወሰደ፤ ሸክላዎቹም ተበታተኑ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባሉ ፈረንሳዊ «ኢትዮፒክስ» በሚል ስም የዚያን ዘመን ዘፈኖች እየሰበሰቡ በፓሪስ ማሳተም ጀመሩ። የአባቶቻችንን ዘፈን ከዚያ ዞሮ ሲመጣ የሰማን ብዙዎች ነን። ሊመለስ የቻለውም፥ አንዱ ሳይጥል ስላኖረውና ሌላው ሳይሰስት ስለ ሰጠው ነው።

እንግዲህ ድምፅ የሚያከማች ሰው ባለቤት ሳይሆን ባለአደራ ሊባል ይገባዋል ብለን እናምናለን። ሸክላው በዋጋ ተገዝቷል፤ በውስጡ ያለው የሰው ትንፋሽ ግን አልተገዛም። አደራ ጥብቅ፥ ሰማይ ሩቅ ይባላልና፥ ባለአደራ ዕቃውን በግዴለሽነት አያጠፋም፤ ባለቤቱ ሲጠይቀውም አይደብቅም። የዚህ ዕቃ ባለቤት ደግሞ ዘፋኙና ገና ያልሰማው ሰው ናቸው። ዛሬ ሸክላው በንጹሕ መርፌ አንድ ጊዜ ተሰምቶ ወደ ኮምፒዩተር ቢቀዳ፥ ሳይፋቅ ለብዙ ሰው ሊሰማ ይችላልና የቀድሞው ጭንቀት ቀንሷል። ቅጂውን ያለ ፈቃድ መሸጥ ግን የዘፋኙን እንጀራ መንጠቅ ነው፤ በ2004 የወጣው የቅጅ መብት አዋጅ ቍጥር 410ም ይከለክለዋል።

የወሎን አገር ስናስብ አደራው ይከብዳል። ባቲና አምባሰል የወሎ አገር ስሞች ሲሆኑ፥ ከትዝታና ከአንቺሆዬ ጋር የአራቱ ቅኝቶች መጠሪያ ሆነው በሸክላ ባሕር ተሻግረዋል። በደጋው ግን ሙሾ የምታወርድ እናት፥ መንዙማ የሚመሩ ሼህ፥ የሚፎክር ገበሬ ድምፃቸው ሳይቀረጽ ያልፋሉ። ያን ጊዜ ለመቅረጽ በርሊን መሄድ ያስፈልግ ነበር፤ ዛሬ መቅረጫው በብዙ ሰው ኪስ አለ። መምህር ለተማሪዎቹ፥ እያንዳንዳቸው የአንድ ሽማግሌ ወይም የአንዲት ባልቴት ድምፅ በፈቃዳቸው እንዲቀርጹ፥ ስማቸውን፥ ቀበሌያቸውንና ቀኑን እንዲጽፉ ቢያዝ ከባድ ሥራ አይሆንም። የወረዳው የባህል ጽሕፈት ቤትም ቅጂውን ተቀብሎ ለሚጠይቀው ቢያሰማ አደራውን ፈጸመ ማለት ነው። እኛ ሸክላ ያለን ሰዎች ደግሞ ሣጥናችንን ከፍተን ጎረቤታችንን እንጥራ፤ ብቻችንን የሰማነውን ድምፅ ጠበቅነው ማለት አንችልምና።