ሃያ ብር ምን ትሆናለች?

ድሃ ቁማር ሲጫወት «ሒሳብ ስለማያውቅ ነው» ይባላል። እኔ በዚህ አልስማማም። የቀን ሠራተኛ የምሳውንና የአልጋውን ቀንሶ ማታ እጁ ላይ የምትቀረውን እስከ ሳንቲሟ ያውቃታል። ችግሩ የምትቀረው 20 ብር የትም የማታደርስ መሆኗ ነው። ቢያስቀምጣት ነገ ለታክሲ ትወጣለች፤ ወይ የታመመ ዘመድ ይደውላል፤ ያም ካልሆነ ኑሮ ውድነቱ ይበላታል። እሱ የሚፈልገው ደግሞ በአንድ ጊዜ እጁ የሚገባ ጠቀም ያለ ገንዘብ ነው፦ ለባጃጅ ቅድሚያ ክፍያ፣ ለሦስት ወር የቤት ኪራይ፣ ለእናቱ ሕክምና። ለብቻዋ ምንም የማትፈይድ ብር ብትጠፋም አታንገበግብም። ስለዚህ ቤቲንግ ቤት ገብቶ ትኬት ይቆርጣል።

የምጣኔ ሀብት ተመራማሪው ሲልቫን ሄርስኮዊትዝ ካምፓላ ውስጥ በሚወራረዱ ወንዶች ላይ ያደረገው ጥናት በ2021 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ጠቀም ያለ ወጪ ከፊታቸው ያለ ሰዎች ወደ ውርርድ ይበልጥ ያዘነብላሉ፤ የእንጨት የቁጠባ ሳጥን የተሰጣቸው ደግሞ የውርርድ ፍላጎታቸው ቀንሷል። አንዲት ሳጥን! ስንፍናና ሱስ እያልን ስንወቅሳቸው የኖርናቸው ሰዎች ብር የሚያጠራቅሙበት ቦታ አጥተው ነበር ማለት ነው።

ታዲያ ጥፋቱ የት ላይ ነው? ዛሬ በ20 ብር መቁረጥ ሕይወት አያናጋም፤ የነገውም እንደዚያው። እያንዳንዱ ቀን ለብቻው ሲመረመር ነጻ ነው። ዓመት ሲሞላ ግን 7,300 ብር ወጥቷል። «ይህን ሁሉ ለአወራራጁ ልስጥ» ብሎ የወሰነበት ቀን የለም፤ ተጠይቆ ቢሆን እምቢ ይል ነበር። ሰው ሳይወስን የሚከስረው እንዲህ ነው፦ የቀኑን ሲመርጥ የዓመቱን ማንም አይጠይቀውም።

ትኬቱ ራሱም ይህን እንዳያይ ያደርገዋል። ቤቱ ከእያንዳንዱ ጨዋታ ከመቶ 5 ያህል ብቻ ለራሱ ቢያስቀር፣ 10 ጨዋታ የተደረደረበት ትኬት ከ100 ብር በአማካይ የሚመልሰው 60 ገደማ ነው። ዘጠኙ ገብተው አሥረኛው በ90ኛው ደቂቃ ጎል ሲበላሽ ግን ልጁ የሚለው «ተበላሁ» ሳይሆን «አንድ ጨዋታ አበላሸብኝ» ነው። ለጥቂት አመለጠችኝ ያለ ሰው ነገም ይመለሳል።

ትንሿ ብር እንዴት ጠቀም ያለ ገንዘብ ትሆናለች ለሚለው ጥያቄ እቁብ ከድሮ ጀምሮ መልስ አለው። እዚያም ዕጣ አለ፤ እዚያም ልብ ይመታል። ዕጣው የሚወስነው ግን ማን እንደሚቀድም ብቻ ነው፤ የመጨረሻው ሰውም የጣለውን ያህል ይወስዳል። ብቻ የእቁቡ ዳኛ ዋስ ይጠይቃል። ትናንት ከገጠር መጥቶ በየቀኑ አሠሪ የሚቀያይር ወጣት ዋስ የሚሆነው ሰው ከየት ያመጣል? ቤቲንግ ቤቱ ዋስ አይጠይቀውም።