መጀመሪያ ወለሉ

ልጆቼ፣ ጎተራም ሆነ ዕቃ ቤት ልትሠሩ ስትነሱ ለበሩና ለጣሪያው አትቸኩሉ። አላፊ አግዳሚው የሚያየው እሱን ስለሆነ ልብም ገንዘብም ወደዚያው ይሄዳል። እህል ከሚያጠፉት መካከል ግን እርጥበት፣ ምስጥና አይጥ ይገኙበታል፤ ሦስቱም በአብዛኛው የሚመጡት ከታች ነው።

ወርዱ 2፣ ርዝመቱ 3 ሜትር የሆነ ጎተራ አስቡ። 20 ኩንታል ብታስገቡበት 2,000 ኪሎ ነው፤ በአንድ ካሬ ሜትር ከ300 ኪሎ በላይ ያርፍበታል። ስለዚህ በሁለት ረድፍ ሦስት ሦስት የድንጋይ ዓምድ በሲሚንቶ አስገንቡ። መሠረቱ ጠንካራ አፈር እስኪገኝ ይቆፈር፣ ዓምዱም ከመሬት በላይ አንድ ሜትር ያህል ይቁም። አናቱን ቆርቆሮ አልብሱት፤ ጠርዙ በየአቅጣጫው አንድ ስንዝር ወጣ ይበል፣ አይጥ ዓምዱን ብትወጣ እዚያ ትመለሳለች። መሰላሉንም ከተጠቀማችሁ በኋላ አንሱት። ይህን ሁሉ ደክሞ ሠርቶ መሰላሉን አስደግፎ የሚያሳድር ሰው ብዙ ነው።

ቋሚውን በተቃጠለ ዘይት ቀብቶ መሬት መቅበር የተለመደ ነው። ምስጡን ጥቂት ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም፤ የተቀበረ እንጨት መበላቱም የሚታወቀው ካለቀለት በኋላ ነው። በድንጋይ ላይ ግን ምስጥ የሚወጣው የጭቃ መሿለኪያ እየሠራ ስለሆነ በዓይን ታዩታላችሁ፣ ጠርጋችሁ ትጥሉታላችሁ።

እንጨቱን በተመለከተ፣ ከፈረሰ ቤት የወጣ የጥድ ወይም የወይራ እንጨት ካገኛችሁ አትለፉት። ካልተገኘ ባህር ዛፍ አለ። በአፄ ምኒልክ ዘመን ከገባ ጀምሮ ስንት ቤት አቁሟል፣ አልንቀውም። ግን እርጥቡን ከመታችሁት ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፣ ሚስማሩም ይላላል። ልጣችሁ ጥላ ውስጥ፣ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ ደርድሩትና በጋውን ይክረም።

ዓምዶቹ እኩል መሆናቸውን በዓይን አትመኑ። ጠራ ባለ የላስቲክ ቱቦ ውሃ ሙሉና ከዓምድ ዓምድ ለኩ። ማዕዘኑን ለማወቅ ደግሞ ከጥጉ በአንድ በኩል 60፣ በሌላው 80 ሳንቲ ሜትር ምልክት አድርጉ፤ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ልክ 1 ሜትር ከሆነ ማዕዘኑ ቀጥ ብሏል። ከዚያ ወፍራም አጣና በርዝመቱ አጋድሙ፣ በላዩ ተሸካሚዎቹን በወርዱ በየ40 ሳንቲ ሜትሩ ደርድሩ፣ ሳንቃውን ምቱ።

ግድግዳው ከዚህ በኋላ ይቀላል። አራቱን የማዕዘን ቋሚዎች በቱምቢ አስተካክላችሁ አቁሙ፣ ሲባጎ ወጥሩና የቀሩትን በእሱ አሰልፉ። የበሩን መቃን አሁኑኑ አስቡት፤ ኩንታል የተሸከመ ሰው ጎንበስ ሳይል ይግባበት። ማገር ብቻውን ግን ግድግዳውን አያጸናውም። በየጎኑ ከታች ጥግ ወደ ላይኛው ጥግ አንድ ሰያፍ እንጨት ምቱ። ቆርቆሮ የምታለብሱት ከሆነማ ግዴታ ነው፤ ያለ እሱ ነፋስ በመጣ ቁጥር ቤቱ ወደ ጎን ይወዛወዛል። በጭቃ የምትመርጉት ከሆነ ጭቃውን ከጤፍ ጭድ ጋር አቡክታችሁ ለጥቂት ቀን አሳድሩት፤ ምርጊቱንም ስስ አድርጉት፣ ክብደቱን የሚሸከመው ያው ወለል ነውና። የመጀመሪያው ደርቆ ሲሰነጠቅ በሁለተኛው ይደፈናል።

ግድግዳውን ከማልበሳችሁ በፊት ግን አንድ ነገር አድርጉ። ከወለሉ በታች ከዓምድ ዓምድ ሲባጎ ወጥሩና ከወለሉ በላይ መሐሉ ላይ አሸዋ የሞላ ጆንያ ቆልሉበት፤ ሌሊቱን ይደር። ጠዋት ጎንበስ ብላችሁ እዩ። ተሸካሚዎቹ ወደ ሲባጎው ከጎበጡ መሐል ላይ አንድ ዓምድ ጨምሩ፤ አሁን የሚፈጀው የአንድ ቀን ሥራና ጥቂት ድንጋይ ነው።