«ሆነ» እና «ሆነ አሉ»

ባለፈው ሰሞን በውኃው ሰልፍ ላይ ሁለት የሠፈራችን ወጣቶች ተጣሉ። ጠቡ የተነሣው ከኳስ ነው። አንደኛው «ዳኛው ጉቦ በልቷል» አለ። ሁለተኛው «አይተሃል ወይ?» ሲል ጠየቀው። «በራዲዮ ሰምቻለሁ» ሲል መለሰ። አብረው የሰሙ ሰዎች ሲጠየቁ ግን ራዲዮው ያለው «አንዳንድ ደጋፊዎች ዳኛውን ይጠረጥሩታል» ነበር። ከራዲዮው እስከ ውኃው ቧንቧ ባለችው አጭር መንገድ ላይ ጥርጣሬው እውነት ሆኖ ደረሰ። ሽማግሌዎች ገብተው ነው ጀሪካን ከመወራወር ያዳኗቸው።

ብዙ ሰው በዚህ ስቆ አለፈ። እኛ ግን ከሣቁ በኋላ አንድ ጥያቄ ቀረብን፤ ለአንባብያንም ልናካፍለው ወደድን። ያላየነውን ጨዋታ የሚነግረን ሰው ምን ዕዳ አለበት? ከእርሱ ሰምተን ለሌላው የምንነግረው እኛስ?

«ኳስ ጨዋታ ነው፤ የጨዋታ ወሬ ቢዋሽ ማን ይጎዳል?» የሚሉ ወገኖች አሉ። እውነት ነው፣ ከዱቄትና ከመድኃኒት ወሬ ጋር ሲተያይ የኳስ ወሬ ቀላል ይመስላል። ይሁን እንጂ የቲፎዞን ኑሮ እንመልከት። በዚህ ሠፈር ለሊቨርፑል ወይም ለአርሴናል ነፍሱን የሚሰጥ ወጣት የእንግሊዝን ሣር በዐይኑ አይቶ አያውቅም። የሚያየው በተውሶ ዐይን ነው። ጋዜጠኛው ዐይኑን ያውሰዋል፣ እርሱም አምኖ ይቀበላል። ታዲያ ይህ የተዋሰው ዐይን «ተጫዋቹ ክለቡን ሊለቅ ነው» ሲለው ተጫዋቹ ሳይለቅ ሲቀር፣ አርእስቱ አንድ ነገር ጮኾ ከሥሩ ያለው ጽሑፍ ሌላ ሲል፣ በደኅና የተጫወተ ቡድን «ተዋረደ» ተብሎ ሲጻፍ፣ ቲፎዞው ይናደዳል። ንዴቱን የልጅነት ነገር የሚያደርጉት አሉ። እኛ ግን አደራ የተበላበት ሰው ንዴት ነው እንላለን።

ማሳሳት ሁልጊዜ ከክፋት አይመጣም። በ1960 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በሮም ኦሊምፒክ የእኛው አበበ ቢቂላ ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ አንደኛ ወጣ። ከዚያ ወዲህ «ጫማ መግዣ ያጣው ድኻ ሯጭ» የሚል ተረት በዓለም ላይ ዞረ። አበበ ግን የክቡር ዘበኛ ወታደር ነበር፣ አሠልጣኝም ነበረው። ሮም ላይ የቀረበለት ጫማ እግሩን አልተመቸውም፤ ስለዚህ በተለማመደበት በባዶ እግሩ መሮጥን መረጠ። በ1964 ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ ሮጠ፣ ደግሞም አሸነፈ። ተረቱን ያወሩት ሰዎች ብዙዎቹ ወደውት ነው ያወሩት። ነገር ግን አስቦ የመረጠውን ሰው ምስኪን አድርገው ሳሉት። ሳይጠይቁ ማዘንም አንድ ዓይነት ማሳሳት ነው፤ ይህን ለዚህ ሠፈር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

ክፋት ሲጨመርበት ምን እንደሚሆን ደግሞ ከእንግሊዝ አገር አንድ ነገር እናንሣ። ኤፕሪል 15 ቀን 1989 በሼፊልድ ከተማ፣ ሂልስቦሮ በሚባለው ስታዲየም፣ ሊቨርፑልና ኖቲንግሃም ፎረስት ለኤፍ ኤ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ተገናኙ። የሊቨርፑል ደጋፊዎች የሚገቡበት በር ጠባብ ስለ ነበረ ውጭ ትልቅ መጨናነቅ ሆነ። ጨዋታው ሊጀመር 8 ደቂቃ ሲቀረው የፖሊሱ አዛዥ ሰፊው የመውጫ በር እንዲከፈት አዘዘ። ሰዉም በተከፈተለት በር ገብቶ ፊት ለፊት ባገኘው መተላለፊያ ወረደ። መተላለፊያው ያደረሰው ግን በብረት አጥር ወደ ታጠሩ፣ አስቀድመው ወደ ሞሉ ሁለት ጋጣዎች ነበር። ከኋላ የሚገባው ሰው ፊት ያለው እየታፈነ መሆኑን አላወቀም። ጨዋታው በ6ኛው ደቂቃ ቆመ። 97 ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ በዚያው ቀን፣ የመጨረሻው ግን በዚያ ቀን ጉዳት ሲማቅቅ ኖሮ በ2021። ታናሹ የ10 ዓመት ልጅ፣ ትልቁ የ67 ዓመት አረጋዊ ነበሩ።

ሰዎቹ ገና እየሞቱ ሳሉ አዛዡ ለእግር ኳስ ማኅበሩ ሹማምንት «ደጋፊዎቹ በሩን አስገድደው ገቡ» አላቸው። በሩን ያስከፈተው ራሱ ነበር። ወሬው ግን በዚያው ቀን ወጥቶ በአየር ላይ ዋለ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ማን ይመልሰው? ከሞቱት ሰዎች፣ ከሕፃናቱም ጭምር፣ መጠጥ ጠጥተው እንደሆነ ለማወቅ ደም ተወሰደ።

በአራተኛው ቀን ዘ ሰን የተባለው ጋዜጣ በፊት ገጹ ላይ በትልልቅ ፊደል «እውነቱ» የሚል አርእስት አወጣ። ከሥሩም፦ ደጋፊዎቹ የሞቱትን ሰዎች ኪስ በረበሩ፣ በፖሊሶች ላይ ሸኑ፣ ለወደቀ ሰው ትንፋሽ የሚሰጥ ፖሊስ ደበደቡ፣ የሚል ነበር። ወሬው ከፖሊሶችና ከአንድ የፓርላማ አባል አፍ ተነሥቶ በሼፊልድ በሚገኝ የዜና ወኪል በኩል የደረሰ ነው። በሜዳው ላይ የሆነው ግን ሌላ ነው። እነዚያው ደጋፊዎች የማስታወቂያ ሰሌዳዎችን ገንጥለው እንደ ቃሬዛ እያደረጉ ወገኖቻቸውን ሲሸከሙ ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ያንን ክስ ሌሎች ጋዜጦችም አትመውታል፤ ግን «ፖሊስ እንዲህ ሲል ከሰሰ» ብለው ነበር። ያም ቢሆን አያስመሰግንም። የዘ ሰን አዘጋጅ ኬልቪን ማኬንዚ ግን «ፖሊስ አለ» የምትለዋን አንስቶ «እውነቱ» የምትለዋን አስቀመጠ። እንግዲህ እኛ እንደሚመስለን ኃጢአቱ ያለው በዚህች ልውውጥ ውስጥ ነው።

ቋንቋችን ለዚህ ነገር የሠራልን ትንሽ ቃል አለችን፤ «አሉ» ትባላለች። አያቶቻችን ያላዩትን ነገር ሲያወሩ ከመጨረሻው ላይ ያስቀምጧታል። «ወንዙ ሞላ» ያለ ሰው አይቶ መጥቷል። «ወንዙ ሞላ አሉ» ያለ ሰው ሰምቶ ነው። መንገደኛውም በመጀመሪያው ቃል ይመለሳል፣ በሁለተኛው ቃል ግን እስኪ ልይ ብሎ ይሄዳል። ሁለት ፊደል ብቻ ናት፤ ነገር ግን የሰሚውን የማሰብ መብት የምትጠብቅ እርሷ ናት። የተሳሳተ ሰው ቢሳሳት፣ «አሉ» ብሎ ከሆነ፣ ሰሚው ራሱን የሚያድንበት በር ትቶለታል። «አሉ»ን የጣለ ሰው ግን በሩን ዘግቶ ነው የሚያወራው። በችኮላ መሳሳትና ያላዩትን እንዳዩ አድርጎ መናገር አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው እርማት ይበቃዋል፤ ሁለተኛው በሐሰት መመስከር ነው።

ሐሰቱ እንዴት በቀላሉ ታመነ? ይህን በሐቀኝነት መመለስ ይገባናል። ከአራት ዓመት በፊት፣ በሜይ 1985፣ በብራስልስ ከተማ በሄይዜል ስታዲየም የሊቨርፑል ደጋፊዎች በጁቬንቱስ ደጋፊዎች ላይ ሮጠው በመግባታቸው ግድግዳ ተንዶ 39 ሰዎች፣ አብዛኞቹ ኢጣሊያውያን፣ ሞተው ነበር። ይህ ሐሰት አይደለም፤ የሆነ ነገር ነው። ስለዚህ በ1989 የወጣው ሐሰት የትናንቱን እውነት ልብስ ለብሶ መጣ። ሰሚውም «እነዚህ እንደሆኑ ልማዳቸው ነው» አለና ሳይጠይቅ አመነ። እነሆ የማሳሳት ሥራ እንዲህ ነው፤ የጥቂቶችን ጥፋት ወስዶ ስም ያደርገዋል፣ ስሙን ለሁሉ ያለብሰዋል፣ ከዚያ በኋላ ማስረጃ አይጠየቅም።

በኦገስት 1989 ዳኛ ቴይለር መርምረው ዋናው ምክንያት የፖሊስ ቁጥጥር ጉድለት ነው ብለው ጻፉ። ወሬው ግን ከዳኛው ወረቀት ቀድሞ ሩቅ ሄዷል። በ2012 አንድ ገለልተኛ ቡድን ሰነዶቹን ሲመረምር 164 የፖሊሶች ቃል በብዙ ተለውጦ መገኘቱን ገለጸ፤ ከነዚህም በ116ቱ ላይ ፖሊስን የሚነቅፈው ቃል ተሰርዟል ወይም ተለውጧል። ጋዜጣው በፊት ገጹ ይቅርታ የጠየቀው ያን ጊዜ፣ ከ23 ዓመት በኋላ ነው። አዛዡም ስለ በሩ የተናገረው ውሸት እንደ ነበረ በ2015 በመሐላ አመነ። በ2016 የተሰበሰቡት ፈራጆች ሰዎቹ የሞቱት በሕገ ወጥ መንገድ ተገድለው ነው፣ ለአደጋውም የደጋፊዎቹ ጠባይ ምክንያት አልሆነም ሲሉ ወሰኑ።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል። ይጠራል፣ አልካድንም። ነገር ግን 27 ዓመት ረጅም ሌሊት ነው። ሳይነጋላቸው የሞቱ እናቶችና አባቶች አሉ። ልጃቸውን ቀብረው ሲመለሱ የልጃቸውን ስም ጭቃ ውስጥ ያገኙ ወላጆች ናቸው። እንግዲህ «የጨዋታ ወሬ ማንን ይጎዳል?» ላለን ወገን መልሳችን ይህ ነው።

የሊቨርፑል ሰዎች ምን አደረጉ? ጋዜጣውን መግዛት ተዉ። እስከ ዛሬ ድረስ በዚያ ከተማ ብዙ ሰው አይገዛውም፣ ብዙ ሱቅም አይሸጠውም። ክለቡም በ2017 የጋዜጣውን ጋዜጠኞች ከሜዳው ከለከለ። ሥልጣን የሌለው ሰው በእጁ ያለችው ይህች ናት፤ ሳንቲሙን መንሣት።

እኛ ግን የምንነሣው ሳንቲም የለንም፤ ጋዜጣም አንገዛም። ያለን አፍ ብቻ ነው። ስለዚህ የእኛ ድርሻ በአፋችን ይጀምራል። አንዱ ስደተኛ ባጠፋው «ስደተኞች እንዲህ ናቸው» ሲባል ስንሰማ ያቃጥለናል፤ ማቃጠሉም ተገቢ ነው። ነገር ግን እኛው ራሳችን «የዚያኛው ብሎክ ሰዎች ሌቦች ናቸው» ስንል «ማን አየ?» ብለን እንጠይቃለን ወይ? በኳስ ቀን የተቃራኒውን ቡድን ደጋፊዎች «ድንጋይ ወረወሩ» ስንል ድንጋዩን ያየነው ስንቶቻችን ነን? በትልቁ ጋዜጣ ላይ የምንፈርድበትን ነገር በትንሹ እንሠራዋለን። ሐሰት ደግሞ ብቻዋን አትጓዝም፤ የሚሸከማት ሰው ትፈልጋለች። ከሼፊልድ የወጣው ወሬ ዓለምን የዞረው ጋዜጣው ስላተመው ብቻ አይደለም፤ አንብበው «አሉ» ሳይሉ ያወሩ ብዙ ሺህ ሰዎች ስለ ነበሩ ነው።

ልማድ ማድረግ የምንችለው ነገር ብዙ አይደለም። ያየነውን «ሆነ» እንበል፣ የሰማነውን «ሆነ አሉ» እንበል። የነገረንን ሰው «ማን አየ?» ብለን እንጠይቅ፤ ቢቆጣም እንጠይቅ። ተሳስተን ከተገኘን ደግሞ ባወራንበት ድምፅ ልክ እንመልሰው። በሰልፍ ላይ ጮኸን የተናገርነውን በጆሮ አናርመው።

ይህች በእጅ የምትገለበጥ ወረቀታችንም ከዚህ ሕግ አትወጣም። ባለፉት ዕትሞች ያላየነውን እንዳየን አድርገን የጻፍነው ካለ፣ ያወቀ ሰው ይጻፍልን፤ በዚያው ገጽ፣ በዚያው ፊደል መጠን እናወጣዋለን።

ሁለቱ ወጣቶች ታርቀዋል፤ አሁን በአንድ ራዲዮ አብረው ይሰማሉ። የዳኛው ነገር ግን እስከ ዛሬ አልታወቀም። ጉቦ በልቷል አሉ።